የግራው ካልሲ

ልብስ ሰፊዋ ሰው ስትለካ ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዴ ቆሞ፣ አንዴ ቁጭ ብሎ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከዚህ ዝንፍ ብላ አታውቅም። ደንበኛው ሙሽራ ይሁን ዳኛ፣ ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ፣ ስፒሎቹን በከንፈሯ ይዛ፣ «አሁን ደግሞ ቁጭ ይበሉ» ትለዋለች።

«ኧረ እኔ ለመቀመጥ አልመጣሁም» የሚል አይጠፋም።

«እርስዎ ባይቀመጡ ሱሪው ይቀመጣል» ትላለች፣ ስፒሉን ከከንፈሯ ሳታወጣ።

ቆመው የሚያምሩበት ልብስ ቁጭ ሲሉበት እንደሚተረተር ማንም አላስተማራትም። ትምህርቱን ከስድስተኛ ክፍል ነው የተወችው። እናታቸው ስታርፍ ታናሽ ወንድሟ ገና ግድግዳ እየያዘ የሚሄድ ሕፃን ነበር። አንድ ሰው ቤት መዋል ነበረበት፤ ያ ሰው እሷ ሆነች። በቃ። ስለዚህ ነገር አልቅሳም አታውቅ፣ አውርታም አታውቅ። «ዝም አይነቅዝም» ትል ነበር እናታቸው፤ ልጅቷ ከእናቷ የወረሰችው የልብስ መኪናውንና ይህን አባባል ነው።

ሕፃኑን «ወፌ ቆመች፣ ወፌ ቆመች» እያለች ያቆመችው እሷ ናት። ልጁ ቆመ፣ ሄደ፣ አደገ፤ «ወፌ» የሚለው ስም ግን ላዩ ላይ ቀረ። ዛሬ አርባ አንድ ዓመቱ ነው፣ ፂሙ ሸብቷል፣ የራሱ ብየዳ ቤት አለው፣ ሚስት አለችው፤ እሷ ግን አሁንም ወፌ ነው የምትለው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የዚህን ያወጣችው እሷ ስለሆነች፣ በኋላ ለመጣው ጣጣ ሁሉ ጥፋቱ የሷ ሳይሆን አይቀርም። ወንድሟ ብየዳ ቤቱ ጓሮ ባለው የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ስድስት ዓመት ሙሉ ሲለካ፣ ሲቆርጥ፣ ሲበይድ ከርሞ፣ አንድ ሰው የምትይዝ ትንሽ አውሮፕላን ሠራ።

አውሮፕላኗ በረረች። መብረሩንስ በረረች፤ ግን ሞተሩ እያጓራ እሷ ትንፏቀቃለች። ከከተማው ሐይቅ ማዶ ደርሶ ለመመለስ ታንኳ ይቀድማት ነበር። ወንድምየው ከትላልቅ አውሮፕላኖች ጥገና ጡረታ የወጣ አንድ ሽማግሌ ሜካኒክ ለምኖ አመጣ። ሽማግሌው ከዘራውን ይዞ አንዴ ዞራት፤ እግሮቿን በከዘራው ጫፍ ነካ ነካ አደረገ።

«ይቺ እኮ ዣንጥላ ዘርግታ የምትሮጥ ሴት ናት» አለ። «ጎማው ራቁቱን፣ እግሩ ክብ ቧንቧ፣ ክንፉ ከገላዋ የሚገናኝበት ገደል። ምን ትሁን ብለህ ነው?»

«ቧንቧው ቀጭን ነው እኮ ጋሼ።»

«ቀጭን ነው ብለህ አትናቀው። ንፋስ እንግዳ ነው። ከፊት ለፊት በር ከፍተህ ታስገባዋለህ፤ በኋላ በር ካልሸኘኸው ግን እዚያው ይታመሳል፣ ቀሚስህን ይዞ ይጎትትሃል። ከቧንቧው ኋላ ጅራት አብጅለት፣ ከፊቱ እንደ እንቁላል፣ ከኋላው እንደ ዓሣ ሾጠጥ ይበል። ያኔ ንፋሱ ተሸኝቶ ይሄዳል።»

ወንድምየው አላመነም። ሽማግሌው ክር አስመጣ። ከእህቱ ሱቅ ቀይ የሱፍ ክር መጣ፤ በጣት በጣት ርዝመት ቆርጣ፣ በጎማው፣ በእግሮቹና በክንፉ ሥር አንድ ጫፉን በፕላስተር ለጠፈችው። ወንድሟ ስልኩን ክንፉ ላይ አስሮ፣ እየቀረጸ በረረና ተመለሰ። ሦስቱም ስልኩ ላይ ተደፍተው አዩ። ክንፉ ላይ ያለው ክር ተኝቶ፣ ወደ ኋላ ቀጥ ብሎ ተዘርግቷል። ከጎማው ኋላ ያለው ግን እንዳበደ ሰው ይዘላል፣ ይዞራል፤ ጭራሽ ወደ ፊት የሚታጠፍም አለ።

«ይሸበሸባል» አለች ልብስ ሰፊዋ። ከመጣች የተናገረችው ይህን ብቻ ነው።

ሽማግሌው ቀና ብሎ አያት። «ገባት» አለ። «አንተ ስድስት ዓመት ያልገባህ ባንድ ቀን ገባት።»

ከዚያ ወዲያ ሥራው የሷ ሆነ። ወንዶቹ ቀለል ያለ ፎም እየጠረቡ የጅራቶቹን ቅርጽ ያወጣሉ፤ ላዩን ከመስታወት ክር በተሠራ ጨርቅና በሙጫ መሸፈን ግን አቃታቸው። ጨርቁ ጎበጥ ያለው ቦታ ላይ ሲደርስ ይታጠፋል፣ ከሥሩ አየር ይቋጥራል። እሷ ጨርቁን በሰያፍ ቆረጠችው። በሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ እንደ ሰው ቆዳ ነው፤ ይለጠጣል፣ ይተኛል። ወንዶቹ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። የመሸፈኛዎቹንም ስም ያወጣችው እሷ ናት፤ የእግሩን ቧንቧ ያለበሰችውን እጅጌ አለችው፣ የክንፉን ሥር ኮሌታ፣ የጎማውን ካልሲ።

«እትዬ፣ የኔን ቀሚስ ወገብ ለማስፋት ሦስት ወር ቀጥረውኛል» አለች የወንድሟ ሚስት፣ የመጋዘኑ በር ላይ ቆማ። «ለጎማ ሲሆን በሁለት ሳምንት ካልሲ ይደርሳል?»

«ጎማ አንዴ ከለካሁት አይወፍርብኝም» አለቻት።

ተሳሳቁ። ይቺን ቃሏን በኋላ ስንት ጊዜ መልሳ መላልሳ እንደምትውጣት ያን ጊዜ አላወቀችም።

ሽማግሌው የሰጣት ትእዛዝ አንድ ነው፤ በጎማውና በካልሲው መካከል ዙሪያውን አንድ ጣት ክፍተት ይኑር። የግራውን ስትለካ አውሮፕላኗ በክሪክ ተነስታ በእንጨት ድጋፍ ላይ ነበረች። ወንድሟ የአውሮፕላኗን እግር እየበየደ ስለነበር ጎማው ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ተንጠልጥሏል። ሜትሯን ዙሪያውን አዞረች፣ ወርዱን ለካች፣ አንድ ጣት ጨመረች፣ በጠመኔ ጻፈች። የቀኙን በሳምንቱ ስትለካ ግን ክሪኩ ለደንበኛ መኪና ተፈልጎ፣ አውሮፕላኗ ወርዳ በጎማዋ ቆማ ነበር። የቀኙ ቁጥር ሰፋ አለባት። «ሁለት እግር ያለው ሰውም ሁለቱ እኩል አይደለም» አለች ለራሷ፣ በየልካቸውም ቆረጠች። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ደንበኛ ሳታስቀምጥ ለካች። ደንበኛው ጎማ ስለነበር አልታወቃትም።

በሙከራው ዋዜማ ታንኩ ተሞላ፣ ካልሲዎቹ ታሰሩ፣ አውሮፕላኗ ነጭ ለብሳ መጋዘኑ መሐል ቆመች። ወንዶቹ ፎቶ ይነሣሉ። እሷ ጎንበስ ብላ፣ እንደ ልማዷ፣ በቀኙ ካልሲ ሥር ጣቷን አስገባች፤ ገባ። ወደ ግራው ሄደች። ጣቷ አልገባም። ጠመኔዋን ሞከረች፤ ጠመኔው እንኳ በግድ ነው የገባው።

ቀና አለች። ወንድሟ ክንፉን ተደግፎ እየሳቀ ነበር። ሽማግሌው ከኪሱ ማበጠሪያ አውጥቶ ለፎቶው ፀጉሩን ያስተካክላል። ጣቷን አየችው። ያበጠ መሰላት። «ሜትሩ አይዋሽም፣ ጣት ጨምሬያለሁ» አለች በሆዷ። «እነሱ የተማሩት አላዩትም? ችግር ቢኖር ያዩት ነበር።» ደግሞስ በዚህ ሁሉ ሳቅ መሐል ምን ብላ ትናገር? ዝም አለች። ዝም አይነቅዝም።

በማግሥቱ ማለዳ ከከተማው ውጭ ባለው ሜዳ ተገናኙ። አንድ አስፋልት መንደርደሪያ፣ አንድ የቆርቆሮ ጥላ፣ እንጨት ላይ የተሰቀለ አቅጣጫ ጠቋሚ የንፋስ ከረጢት፤ ሌላ ምንም የለም። ከረጢቱ ገና ተንጠልጥሎ ተኝቷል። ሽማግሌው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የእጅ ሬዲዮ ይዟል። የወንድሟ ሚስት ሰዓት ልትይዝ ስልኳን አዘጋጅታለች። ሞተሩ ተነሣ፣ አውሮፕላኗ መንደርደር ጀመረች።

ልብስ ሰፊዋ ከሁሉም በፊት አየችው። አውሮፕላኗ ከመነሣቷ በፊት ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ወደ ግራ ሳብ አለች፤ እናቱ እጁን እንደያዘችው ልጅ። ከዚያ ተነሣች። ሚስትየው አጨበጨበች።

እሷ ግን ማንንም ሳታናግር በመንደርደሪያው ዳር ዳር ሄደች። መቶ እርምጃ ያህል እንደሄደች አስፋልቱ ላይ ጥቁር ፍርፋሪ አገኘች፤ አጠገቡ ነጭ ብናኝ። ፍርፋሪውን አንሥታ አሸተተችው። የተቃጠለ ጎማ ነው። ቀጥ ብላ ቆመች። ያን ጊዜ ያ ጎማ ተንጠልጥሎ ታያት፣ ሜትሯ ዙሪያውን ሲዞር ታያት። አላስቀመጠችውም። ሸክም ያልተጫነበትን ጎማ ለክታ፣ ሸክም ለሚሸከም ጎማ ሰፋች።

የመቶ እርምጃው መንገድ ስትመለስ አንድ ሺህ ሆነባት። ዝም ብትልስ? ምናልባት ምንም አይሆን ይሆናል። ምናልባት ፍርፋሪው የሌላ ነው። እግሯ ግን አልቆመም።

ሽማግሌው ከሩቅ ሲያያት ሬዲዮውን ከፍ አድርጎ አወዛወዘ። «ሃያ ኪሎ ሜትር!» አለ። «በሰዓት ሃያ ኪሎ ሜትር ጨምራለች፣ ባለመርፌ። እጅሽ ይባረክ።»

ያንን እጇን ዘረጋችለት። ጥቁሩ ፍርፋሪ መዳፏ ላይ ነበር።

«ጋሼ፣ የግራው ጠቦታል።»

«ምኑ?»

«ካልሲው። ጎማው ተንጠልጥሎ ነው የለካሁት። ሸክም ሲወርድበት ይሰፋል።»

ሽማግሌው ፍርፋሪውን በጣቱ አሸው። ፊቱ ላይ የነበረው ደስታ ቀስ እያለ ወረደ። «ትናንት ታውቂ ነበር?»

«ጣቴ አልገባ ብሎኝ ነበር።»

«እና?»

«እና ዝም አልኩ።»

የወንድሟ ሚስት ስልኳን ዝቅ አደረገች። «ምንድን ነው የሚሉት?» አለች፤ ሁለቱንም እያየች። «ጋሼ፣ ምን ማለት ነው?»

ሽማግሌው አልደበቃትም። አውሮፕላኗ ስትነሣ ክንፉ ሸክሙን ቶሎ ከጎማው ላይ ስላነሣላት ተርፋለች። ስታርፍ ግን ያ ሁሉ ሸክም በጎማው ላይ ይወድቃል፤ ጎማው ካልሲው ውስጥ ይነፋል፣ ይነክሳል፣ አይዞርም። አንድ እግሯ በሩጫ ላይ የተያዘባት አውሮፕላን ደግሞ ወይ ትሽከረከራለች፣ ወይ በአፍንጫዋ ትገለበጣለች።

«ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል» አለ፣ ሰማዩን እያየ። ቀልድ አልነበረም። ከዚያ ሬዲዮውን ለልብስ ሰፊዋ ሰጣት። «አንቺ ንገሪው። ከኔ ከሰማ ሊከራከረኝ ነው። ካንቺ ከሰማ ያምናል።»

ሬዲዮ ይዛ አታውቅም። ሽማግሌው ቁልፉን ተጫነላት።

«ወፌ» አለች።

ትንሽ ቆይቶ፣ በሞተሩ ጩኸት መሐል፣ «እትዬ? አንቺ ነሽ? ሃያ ኪሎ ሜትር እኮ ነው፤ ነገሩሽ?»

«ነገሩኝ። ስማኝማ። የግራው ካልሲ ጠቧል። ስትነሣ ጎማውን በልቶታል፤ መንደርደሪያው ላይ ፍርፋሪ አገኘሁ። ጎማውን ሳላስቀምጠው ነው የለካሁት። የኔ ጥፋት ነው።»

ሚስትየው ጥፍሯን ትነክሳለች።

«የቀኙስ?» አለ በመጨረሻ። ድምፁ ተለውጧል።

«የቀኙ ጤነኛ ነው። እሱን መሬት ረግጦ ሳለ ነው የለካሁት፤ ጣት ይገባል። በእናታችን፣ የቀኙ ጤነኛ ነው።»

«ስነሣ ጎተተኝ እኮ። ንፋስ ነው ብዬ…» ቆም አለ። «እሺ። ምን ላድርግ?»

ሽማግሌው ሬዲዮውን ተቀበላት። ድምፁ አሁን የሥራ ነበር፤ አጭርና ደረቅ። ነዳጁን አቃጥል፣ ቀለል በል፤ በቀኝ እግርህ ብቻ ታርፋለህ፤ የግራውን እስከምትችለው ድረስ አየር ላይ ያዘው፤ የግራው ሲነካ ወደ ግራ ይስብሃልና ከመንደርደሪያው ቀኝ ዳር ጀምር፤ ከተያዘ በኋላ የቀኝ ፍሬን በቀስታ።

ችግሩ ንፋሱ ነው። ነዳጁ እስኪያልቅ ብዙ ቢቆይ ፀሐይ ትሞቃለች፣ ንፋስ ይነሣል። ቶሎ ቢወርድ ታንኩ ገና ሙሉ ነው። ሽማግሌው አንዴ ሰዓቱን፣ አንዴ የንፋስ ከረጢቱን ያያል። ልብስ ሰፊዋ ከረጢቱን ራሷ ነበረች የሰፋችው፤ ከአሮጌ የመጋረጃ ጨርቅ። እንደዚያን ቀን ስፌቷን አፍጥጣ አይታ አታውቅም።

አውሮፕላኗ ከራሳቸው በላይ ትዞራለች። ነጭ እጅጌዋ፣ ነጭ ካልሲዋ ከታች ያምራል። ያ ነው የሚያናድደው።

ሚስትየው ከልብስ ሰፊዋ ሁለት እርምጃ ራቅ ብላ ቆመች። «ትናንት ቢናገሩ ምን ነበረበት?» አለች፣ ሳታያት። «ለሰው ቁልፍ ሲላላ ይናገራሉ።»

ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን ከከረጢቱ አልነቀለችም።

አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ከዞረ በኋላ ከረጢቱ ተንቀሳቀሰ፤ ተነሣ፣ ወደቀ፣ እንደገና ተነሣና ወደ ጎን ተዘረጋ። ሽማግሌው ከወንበሩ ተነሥቶ አፈጠጠበት፤ ከዚያ ሬዲዮውን ያዘ።

«ከዛሬው ንፋስ ጋር አትጣላ» አለው። «ከወዲያኛው ጫፍ ና። በዚያ በኩል ስትመጣ ንፋሱ ከቀኝህ ነው የሚመታህ። ቀኝ ክንፍህን ወደሱ ዝቅ ስታደርግ ግራህ በራሱ ከፍ ይላል። የፈራነው ንፋስ ነው የሚሸኝህ። አሁን ና።»

መጣች። ከወዲያኛው ጫፍ፣ ቀኝ ክንፏን ዘንበል አድርጋ፣ ትከሻው አንድ ጎን እንደከበደው ሰው ሆና መጣች። የቀኙ ጎማ አስፋልቱን ነካ፤ ነጠረ፤ እንደገና ነካና ተቀመጠ። በአንድ እግሯ ሮጠች። ልብስ ሰፊዋ ትቆጥር ነበር። ሠላሳ ሜትር፣ ሃምሳ፣ ሰማንያ። ፍጥነቷ እየቀነሰ፣ የግራው እግር እየወረደ፣ እየወረደ…

ነካ። ነጭ ጭስ ወጣ። ካልሲው ቋ ብሎ ሲሰነጠቅ እስከ ጥላው ድረስ ተሰማ፤ ቁራጮቹ ወደ ኋላ ተበተኑ። አውሮፕላኗ ወደ ግራ ዞረች፣ ጭራዋ ተነሣ፣ አፍንጫዋ ወደ አስፋልቱ አጎነበሰ፣ እዚያው ላይ ለአፍታ አመነታች። ከዚያ ጭራዋ ተመልሶ ወደቀ። በመንደርደሪያው ዳር ሣር ላይ፣ አግድም ቆመች። ሞተሩ ጠፋ።

ሚስትየው ሮጠች። ሽማግሌው ከዘራውን ረስቶ ሄደ። ልብስ ሰፊዋ መጨረሻ ነው የደረሰችው። ወንድሟ ወርዶ፣ ሚስቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥማበት፣ እሱ ግን በትከሻዋ በኩል የግራውን ጎማ ያያል።

«እትዬ» አለ ሲያያት። «ጫማ ሲጠብ እንጂ ካልሲ ሲጠብ ሰምቼ አላውቅም ነበር።»

ለመሳቅ ሞከረች። አልመጣላትም። መሬት ላይ የተበተኑትን የካልሲውን ቁራጮች አንድ በአንድ መልቀም ጀመረች፤ በሰያፍ የተቆረጠው ጨርቅ እስከ መጨረሻው አልተሸበሸበም።

የወንድሟ ሚስት ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን ሱቋ አልመጣችም። የቀሚሷም ነገር ተረሳ። ልብስ ሰፊዋ አልፈረደችባትም። ዝም ያለ ሰው ዝምታ ሲመለስለት ምን ይላል?

በሦስተኛው ሳምንት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ ወደ መጋዘኑ ሄደች። እግሩ ተጠግኗል፣ አዲስ ጎማ ገብቷል። ወንድሟ ክሪኩን ሊያመጣ ሲል ከለከለችው።

«ክሪክ አልፈልግም። ታንኩን ሙላው።»

ሞላው።

«አሁን ግባ።»

«የት?»

«ውስጥ። ቁጭ በል። እንደ ልብህ ተቀመጥ፣ ሆድህን አትሳብ።»

እየሳቀ ገባ። አውሮፕላኗ ትንሽ ዝቅ አለች፤ የግራው ጎማ ከሥሩ ተነፋ፣ ወደ ጎን ወጣ አለ። ልብስ ሰፊዋ ወለሉ ላይ ካርቶን አንጥፋ በጎኗ ተኛችና ሜትሯን ከጎማው ሥር ሰደደች። ጫፉ ከወዲያ በኩል አልያዝ አላት። እጇን ስትዘረጋ፣ ሌላ እጅ ጫፉን ይዞ ሳብ አደረገው። የሚስትየውን ጫማ አወቀችው። መቼ እንደገባች አልሰማቻትም።

«ያዝኩት» አለች ሚስትየው። ሌላ አልጨመረችም።

ልብስ ሰፊዋ ቁጥሩን አየች። ከድሮው ቁጥር በደንብ ይበልጣል። ጮክ ብላ ተናገረችው። ማንም ሳይጠይቃት ደገመችው።